ስቲቨን ኪንግ፦ የሚያስፈራንም የሚያጣላንም ነገር አንድ ነው

ባሕር ዳር ላይ መጽሐፍ የሚያነቡ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ስለ አስፈሪ ልብ ወለድ ወሬ ከተጀመረ የስቲቨን ኪንግ ስም መነሣቱ አይቀርም። ስሙ ከተነሣ ደግሞ ክርክር አለ። አንዱ «እንደ እሱ የሚያስፈራ ጸሐፊ የለም» ይላል። ሌላው «ስድስት መቶ ገጽ ይጎትትህና መጨረሻ ላይ ሜዳ ላይ ይጥልሃል» ሲል ይመልስለታል። ሦስተኛው ያየው ፊልሙን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዝም አይልም። እናቱ መጽሐፉን እጁ ላይ አይታ «በስመ አብ! ጋኔን እየጠራህ ነው ወይ?» ብላ ያማተበችበት ልጅም ከመካከላቸው አይጠፋም።

ክርክሩን እወደዋለሁ። ሰው ስለ መጽሐፍ ሲሟገት ማየት በራሱ ደስ ይላል። ነገር ግን ወዳጆቹም ወቃሾቹም ስለ አንድ ነገር እያወሩ መሆናቸውን ብዙ ጊዜ ልብ አይሉትም። ኪንግ የሚወደድበትም የሚወቀስበትም ምክንያት የአጻጻፍ ስልቱ ነው፤ ስልቱን የተረዳ ሰው ሁለቱንም ወገን ይረዳል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኪንግ በ1947 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በሜይን ግዛት ተወለደ። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ከቤት እንደ ወጣ ቀረ። እሱንና ወንድሙን ያሳደገቻቸው እናታቸው ናት፤ ከአንዱ ዝቅተኛ ሥራ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች። በ1970 ከሜይን ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ በማግሥቱ ዓመት ታቢታን አገባ። የማስተማር ሥራ እስኪያገኝ በልብስ እጥበት ድርጅት ተቀጥሮ ሠራ። መምህር ከሆነም በኋላ ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ አለው፤ ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ላይ በመምህር ደመወዝ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ማታ ማታ በሚኖሩባት ተጎታች ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን የጀመረውን ታሪክ «አይሆንም» ብሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ታቢታ ወረቀቶቹን አንሥታ አነበበችና «ቀጥልበት» አለችው። «ካሪ» በዚህ ዓይነት ከቆሻሻ ተርፋ በ1974 ታተመች። በቅድሚያ የተከፈለው 2,500 ዶላር ነበር፤ በስስ ሽፋን የማተሙ መብት ግን በ400,000 ዶላር ተሸጠ፤ ግማሹም የእሱ ሆነ። ማስተማሩን በዚያው ተወ።

ከዚያ ወዲህ ከ60 በላይ ልብ ወለዶችና ወደ 200 የሚጠጉ አጫጭር ታሪኮች ጽፏል። መጽሐፎቹ ከ350 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደ ተሸጡ ይነገራል። ይህን ያህል እንዴት ጻፈ ለሚለው ጥያቄ በ2000 ስለ አጻጻፍ ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠው መልስ ቀላል ነው፦ በየቀኑ ጠዋት በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፣ 2,000 ቃል ሳይሞላ አይነሣም። ለጋዜጠኞች «ገና በዓልና ልደቴ ቀን አርፋለሁ» ይላቸው የነበረውም እውነት አልነበረም፤ በእነዚያም ቀናት ይጽፋል።

ከብዛቱ ይልቅ ግን የአጀማመሩ መንገድ ነው ቁልፉ። ኪንግ በአብዛኛው ታሪኩን አስቀድሞ አያቅድም። አንድ ሁኔታ ያስባል፤ አንድ ቤተሰብ በረዶ መንገዱን በዘጋበት ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቢከርም ምን ይሆናል? ሰዎቹን እዚያ ያስቀምጣቸዋል፤ ከዚያ የሚያደርጉትን እየተከተለ ይጽፋል። እንደ እሱ አባባል ታሪክ መሬት ውስጥ የተቀበረ የጥንት አጥንት ነው፤ የጸሐፊው ሥራ ሳይሰብር ቆፍሮ ማውጣት ነው። በዚህ የተነሣ ሰዎቹ ወደ ተወሰነ ቦታ የሚገፋቸው የለም። ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ስለ ኪራይ ይጨነቃሉ፣ ልጃቸውን ያስተኛሉ። አንባቢው ያምናቸዋል። አደጋው ሲመጣ የምንፈራው ለማናውቃቸው ሰዎች ሳይሆን ለጎረቤቶቻችን የሆነ ያህል ነው።

ፍርሃቱን ራሱ እንዴት እንደሚሠራው ደግሞ በ1981 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ገልጾታል። በእሱ አመለካከት ፍርሃት ሦስት ደረጃ አለው። ሰከላ ወይም ማቻከል ገጠር ያደረ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ሌሊት ውሻው ሲጮህ ይቆይና ድንገት ዝም ይላል፤ በረት ውስጥ ከብቶቹ ይቁነጠነጣሉ፤ ከደጅ ግን ምንም አይሰማም። ይህ የመጀመሪያውና ከሁሉ የከበደው ነው፤ ያልታየውን ነገር የሚሠራው የራስህ ሐሳብ ነውና። በሩን ከፍተህ ባትሪ ስታበራ የጅቡ ዓይን ፊት ለፊት ቢያበራ ሁለተኛው ነው፤ ትደነግጣለህ፣ ግን ቢያንስ ጅብ መሆኑን አወቅህ። ጅቡ ከጥጃው ያስተረፈውን ጠዋት ስታየው የሚሰማህ ማቅለሽለሽ ሦስተኛው ነው። ኪንግ የመጀመሪያውን እንደሚመርጥ፣ እሱ ካልሆነለት ወደ ሁለተኛው፣ ያም ካልሆነ ወደ ሦስተኛው እንደሚወርድ በግልጽ ጽፏል። ርካሽ ነው የሚሉት ሰዎች የሚጠቅሱት ሦስተኛውን ነው። የቆየ አንባቢው ግን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ነገር ማንሣት አለብኝ። ጎጃም ውስጥ ያደግን ሰዎች አስፈሪ ታሪክ የምንሰማው ከመጽሐፍ አልነበረም። ሌሊት ጅብ ስለሚሆነው ቡዳ፣ ከሰው ጎተራ እህል ስለሚጠራው ሰላቢ፣ ስለ መተትና ስለ ድግምት የሰማነው ምድጃ ዳር ነው። ተረቶቹ ኃይለኛ ናቸው፤ ተራኪዎቹም ጥበበኞች ናቸው። ነገር ግን ብዙዎቹ ሲያልቁ ፍርሃቱ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ያርፋል። ሸክላ የምትሠራዋ ሴት፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው በዚህ የተነሣ ከጋብቻ ተገልለው፣ ከማዕድ ርቀው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጅ ግን ተረትን አያቆምም።

«ካሪ»ን በዚህ ዓይን ያነበበ ሰው ሌላ መጽሐፍ ያገኛል። ካሪ ነገሮችን በሐሳቧ ብቻ የማንቀሳቀስ ኃይል ያላት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። የክፍል ጓደኞቿ ይሳለቁባታል፤ በሃይማኖት ስም የምታሠቃያት እናቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍባታለች። መጨረሻ ላይ ከተማዋን ታጠፋለች። ኪንግ ገጸ ባሕርይዋን የቀረጸው ትምህርት ቤት ሳለ የሚያውቃቸውን፣ ሁሉም ያገለላቸውን ሁለት ልጃገረዶች እያሰበ ነው፤ መጽሐፉን ሲጽፍ ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም። ካሪን እንፈራታለን፤ ግን ማን እንዲህ እንዳደረጋትም ገጽ በገጽ አይተናል። የእኛ ተረት ቡዳ የተባለው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚያስብ ጠይቆ አያውቅም። ለጎጃም አንባቢ ይህ መጽሐፍ ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

በ1977 የወጣው «ዘ ሻይኒንግ» ደግሞ አረቄ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ሳይተረጎምለት የሚረዳው ነው። አባትየው ጃክ የቀድሞ መምህር ነው፤ ሰክሮ የልጁን ክንድ ሰብሯል፤ አሁን መጠጥ ትቶ፣ ክረምቱን በተዘጋ ሆቴል ጥበቃ ተቀጥሮ፣ ሚስቱንና የአምስት ዓመት ልጁን ይዞ ይገባል። ሆቴሉ ውስጥ መናፍስት አሉ። ነገር ግን ልብ የሚያርደው መንፈሱ አይደለም፤ ልጁ የአባቱን ኮቴ አዳምጦ ዛሬ በምን ሁኔታ እንደመጣ ለማወቅ የሚሞክርበት ጭንቀት ነው። ኪንግ ያን ጊዜ ራሱ ጠጪ ነበር፤ ስለ ራሱ እየጻፈ መሆኑን የተረዳው ዘግይቶ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ታቢታ ቤተሰብና ወዳጅ ሰብስባ ፊት ለፊት እስክትነግረው ድረስ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ አልወጣም።

የ1980ውን ፊልም ኪንግ ለምን እንደማይወደው የሚገባን ከዚህ ተነሥተን ነው። በፊልሙ ጃክ ከመጀመሪያው ደቂቃ እብድ ይመስላል። በመጽሐፉ ግን ልጁን የሚወድ፣ ለመዳን የሚታገል፣ እየታገለ የሚሸነፍ አባት ነው። በመጽሐፉ ሆቴሉ በእሳት ይጋያል፤ በፊልሙ አባትየው በበረዶ ደርቆ ይቀራል። ፊልሙ ትልቅ ሥራ መሆኑን አልክድም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው፤ ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው መጽሐፉን አውቀዋለሁ ማለት አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚከብደኝ በ1983 የታተመው «ፔት ሴማተሪ» ነው። ኪንግ ራሱ ከብዶት መሳቢያ ውስጥ ዘግቶበት ቆይቶ ነበር። መነሻው የራሱ ቤት ነው፦ የጭነት መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ይኖሩ ነበር፣ የልጁን ድመት መኪና ገደላት፣ ትንሹም ልጁ አንድ ቀን ወደ አስፋልቱ ሲሮጥ ለጥቂት ተረፈ። «ባይተርፍስ?» ብሎ ጠየቀ። በመጽሐፉ ውስጥ ሕፃኑ ይሞታል፤ አባቱም ሙታን በሚመለሱበት መሬት ይቀብረዋል። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሣልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዲያስብ አይተዉትም። የዚያ መጽሐፍ አባት ግን አካፋ ይዞ ሌሊት ብቻውን ነው፤ እጁን ይዞ «ተው» የሚለው አንድ ሰው አላገኘም። የሚያስፈራው ከመቃብሩ የወጣው ነገር ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዲህ ብቻውን ሊያዝን መቻሉ ነው።

«ጋኔን ትጠራለህ» ስለሚለው ስጋት በቁም ነገር መነጋገር ይገባል። ስጋቱ ከእምነት የሚመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ኪንግ ድግምት አያስተምርም። በሁለተኛው ልብ ወለዱ፣ ደም መጣጮች አንዲትን ትንሽ ከተማ በሚወርሩበት ታሪክ፣ አንድ ቄስ በመስቀል ፊት ለፊት ይቆማል። መስቀሉ ያበራል። ቄሱ ግን ከእምነቱ ይልቅ በያዘው ዕቃ መተማመን ሲጀምር ብርሃኑ ይጠፋል። ይህን ክፍል የአብነት ትምህርት ለተማረ ሰው ብታነቡለት በቁም ነገር የሚወያይበት ይመስለኛል። ስለ ልጆች ዕድሜ ግን ወላጆች ትክክል ናቸው፤ እነዚህ የአዋቂ መጽሐፎች ናቸው።

አሁን ወደ ወቀሳው ልምጣ። መጨረሻን አስቀድሞ የማያቅድ ጸሐፊ መካከሉ ላይ ሕይወት ያገኛል፤ ማሰሪያው ላይ ግን ይቸገራል። ለሺህ ገጽ ሲሰፋ የኖረ ታሪክ መዘጋት ሲኖርበት ያልታየው ነገር መታየት አለበት፤ ከላይ እንዳልነው ደግሞ የታየ ነገር ካልታየው ያንሳል። በ1986 የወጣው «ኢት» ከ1,100 ገጽ በላይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የሚፈራውን መልክ እየያዘ የሚመጣው ፍጡር፣ አዋቂዎቹም አይተው እንዳላዩ የሚያልፉባት ከተማ፣ ኪንግ ከጻፋቸው ሁሉ የላቁ ናቸው። ፍጡሩ በመጨረሻ እውነተኛ ገጹ ሲገለጥ ግን ብዙ አንባቢ «ይኸው ነው?» ይላል። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ሕፃናቱን የሚመለከት አንድ ትዕይንትም አለ፤ በርካታ አንባቢዎች አጥብቀው ይነቅፉታል፤ እኔም ከነቃፊዎቹ ጋር ነኝ። መጽሐፉ ፊልም ሆኖ በ2019 ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ኪንግ ራሱ እንደ ባለ ሱቅ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ደራሲ ለሆነው ገጸ ባሕርይም የመጽሐፉን መጨረሻ እንዳልወደደው ይነግረዋል። ወቀሳው ለጆሮው አዲስ አይደለም።

ርዝመቱን በተመለከተ የእኛ አካባቢ አንባቢ ቅሬታ የራሱ ሥር ያለው ይመስለኛል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ የታወቁት ብዙውን ነገር በጥቂት ቃል በማሰር ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ቅኔ ቤት ባንገባም ጆሯችን በዚያ ልማድ ተቃኝቷል፤ የተቆጠበ ቃል ያስደስተናል፣ የተዘረገፈ ቃል ያሰለቸናል። ይሁንና ይህ ሙሉ ማብራሪያ አይሆንም። ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ረጅም ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ነው የሰማው። የዲማን፣ የማንኩሳን መልክ ስለምናውቀው ዝርዝሩ አይረዝምብንም። ኪንግ የሜይንን የመንደር ሱቅ፣ የቢራ ምልክትና የመኪና ዓይነት ሲዘረዝር ለሜይን ሰው እንደዚያው ቤቱ ነው። ለእኛ ግን በእንግሊዝኛ፣ ያውም በስልክ ስክሪን ላይ፣ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ድክመቱ ሁሉ የእሱ አይደለም፤ የእኛም አይደለም።

አንባቢዎቹ ከእሱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ራሱ አንድ ታሪክ ነው። አስፈሪ ታሪክ ለማትወድ ሴት ልጁ ስለ ነገሥታትና ስለ ዘንዶ የሚተርክ መጽሐፍ ሲጽፍላት ብዙ ወዳጆቹ ተቆጡ፤ እነሱ የሚፈልጉት ማስፈራራቱን ብቻ ነበር። በ1987 የታተመው «ሚዘሪ» ከዚህ ስሜት ጋር የተያያዘ ነው፦ አንዲት ነርስ የምትወደውን ደራሲ ከመኪና አደጋ አትርፋ ቤቷ ታግተዋለች፤ የገደላትን ገጸ ባሕርይ መልሶ እንዲያስነሣላት ታስገድደዋለች። ሰባት ቅጽ የፈጀውን የ«ዳርክ ታወር» ታሪክ እየጻፈ ሳለ ደግሞ በጠና የታመሙ የ82 ዓመት አዛውንት፣ ሳልሞት መጨረሻውን ንገረኝ ብለው ጻፉለት። የሞት ፍርድ የሚጠባበቅ እስረኛም እንዲሁ ጠየቀው። ሊነግራቸው አልቻለም፤ መጨረሻውን ራሱም አያውቀውም ነበርና። በ2004 ሰባተኛው ቅጽ ሲወጣ ከመጨረሻው ክፍል በፊት አንባቢውን አስቁሞ፣ እዚህ ላይ ብትበቃ ይሻልሃል ብሎ መከረው። ማንም አልበቃም፤ አንባቢውም ለሁለት ተከፈለ። እኔ መጨረሻው ትክክል ነው ከሚሉት ነኝ።

የተገላቢጦሹም አለ። አንዲት አዛውንት ገበያ ውስጥ አግኝተውት «ያንተን አስፈሪ ነገር አልወድም፤ እንደ ሾውሻንክ ያለ የእስረኛ ታሪክ ነው የምወደው» አሉት። «እሱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ» አላቸው። «አይደለህም» ብለውት ሄዱ። ስም ከመጽሐፍ በፊት እንደሚነበብ ኪንግም ያውቀዋል፤ ሪቻርድ ባክማን በሚል የብዕር ስም መጽሐፎች ያወጣው በከፊል ያለ ዝናው ይሸጥ እንደሆነ ለማየት ነው። በ1985 አንድ የመጽሐፍ መደብር ሠራተኛ የቅጂ መብት መዝገብ አገላብጦ ደረሰበት። በባክማን ስም ወደ 28,000 ቅጂ የተሸጠው መጽሐፍ፣ ባለቤቱ ሲታወቅ አሥር እጥፍ ተሸጠ።

ሥነ ጽሑፍ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሙግት በ2003 ጦፎ ነበር፤ ለአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ላበረከተው አስተዋፅኦ የብሔራዊ መጽሐፍ ፋውንዴሽን ሜዳልያ ሲሰጠው ሃያሲው ሃሮልድ ብሉም ሽልማቱን የውርደት ምልክት አድርጎ ጻፈበት። ኪንግ በንግግሩ በብዙኃኑ ንባብና በሊቃውንቱ ንባብ መካከል ድልድይ ይሠራ አለ። እኔ ከኪንግ ጎን ነኝ፤ ጠጪ አባትን የሚፈራ ሕፃንን እንደ እሱ የጻፉት ጥቂቶች ናቸው።

አዲስ አንባቢ ከየት ይጀምር? ከ«ኢት» አይደለም። በ1982 የወጣውንና አራት መካከለኛ ታሪኮች የያዘውን «ዲፈረንት ሲዝንስ» ይያዝ፤ የሾውሻንክ እስረኛ ታሪክ እዚያ ነው፣ መንፈስ የሚባል ነገር የለበትም፣ መጨረሻውም ያምራል። ቀጥሎ «ሚዘሪ»፦ ሁለት ሰው፣ አንድ ቤት፣ የተቆጠበ ቃል፤ ለእኛ ጆሮ የሚስማማ ነው። «ዘ ሻይኒንግ» ሦስተኛ ይሁን። በቅርብ ልጅ የቀበረ ሰው «ፔት ሴማተሪ»ን አሁን አይንካ። «ኢት» ለክረምት ይቆይ፤ ዝናቡ መንገዱን ሲዘጋና ትምህርት ቤት ሲዘጋ 1,100 ገጽ ጊዜ ያገኛል።